የአያቴን ውጅግራ ኒኬሉን ልግፈፍለት ወይስ ልተወው?

የአያቴ ውጅግራ ተራው ደርሶ እኔ እጅ ሲገባ ክርክሩም አብሮ ገባ። ግማሹ ዘመድ «እንደ ድሮው ይመለስ» ይላል። ግማሹ «እጅህን ሰብስብ» ይላል። ጠመንጃው ኒኬል ተነክሯል፣ ሰደፉ ተጠግኗል፣ አፈሙዙም አጠር ያለ ይመስላል። እኔ ደግሞ ዝም ብሎ ከማስቀመጥ መፍታትና መገጣጠም የምወድ ሰው ነኝ። ስለዚህ ልቤ ያደላው ወደ ማደሱ ነበር።

ከሁሉ በፊት የወረቀቱን ጉዳይ ጨረስኩ። የጦር መሣሪያ አዋጁ 1177/2012 ፈቃድ ይጠይቃል። «የአያቴ ማስታወሻ ነው እኮ» ማለት አያዋጣም። ፖሊስ ጋ ሄጄ አስመዘገብኩ፤ ጥይት እንዳልጎረሰም በሚያውቅ ሰው እጅ ተረጋገጠ። ይህ ሳያልቅ መፍቻ ማንሳት ጅልነት ነው።

ቀጥሎ ምን እንደያዝኩ ማወቅ ነበረብኝ። ውጅግራ እ.ኤ.አ. በ1874 የፈረንሳይ ጦር የታጠቀው፣ ባዚል ግራ የተባለ መኮንን የነደፈው ጠመንጃ ነው። 11 ሚሊ ሜትር ጥይቱን አንድ በአንድ ይጎርሳል። ባሩዱ ያ ጭሱ ሜዳ የሚሸፍነው ጥቁር ባሩድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ለበን የተባለው አዲሱ የፈረንሳይ ጠመንጃ ሲመጣ ጊዜው አለፈበት። ብዙው ተሽጦ በታጁራና በኦቦክ በኩል ወደኛ ገባ። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከወገን ትከሻ ላይ ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዱ እሱ ነው።

አፈሙዙ ተቆርጧል ወይስ ከፋብሪካው አጭር ሆኖ ነው የወጣው? ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ለፈረሰኛና ለመድፈኛ ተብለው የተሠሩ አጫጭር ውጅግራዎችም አሉ። የእግረኛው ቁመት 1.30 ሜትር ገደማ ነው። የእኛው ከዚያ በጣም ያንሳል። ግን የመዝጊያው እጀታ ቀጥ ብሎ ወደ ጎን የወጣ ነው፤ የፈረሰኛው ቢሆን ወደ ታች የታጠፈ መሆን ነበረበት። ከአፈሙዙ ጫፍ በስተቀኝ መኖር ያለበት የሳንጃ መሰኪያም የለም፤ ከተቆረጠው ጫፍ ጋር አብሮ ሄዷል። የፊት ማነጣጠሪያውን ያጣበቀው ሰው ደግሞ ጠጋ ብለው ሲያዩት ትንሽ አጣሞታል። ስለዚህ የእግረኛ ነው፣ ተቆርጧል። የተቆረጠ ብረት አይበቅልም። «እንደ ድሮው ይመለስ» የሚለው ሐሳብ ግማሹ እዚህ ላይ አከተመ።

ወደ ኒኬሉ እንምጣ። ዘመዶቼ «ክሮም» ነው የሚሉት። ክሮም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብርድ ብርድ የሚል ነጭ ነው። ይህ ግን በፀሐይ ሲያዩት ቢጫ ቢጫ ይላል፤ ኒኬል ነው። በባትሪ እያበራሁ በአጉሊ መነጽር ሳየው ሁለት ነገር አገኘሁ።

አንደኛ፣ በግራ ጎኑ የሴንት ኤቲየን ፋብሪካ ጽሑፍ አለ፤ ፊደሎቹ ግን የተላሰ ከረሜላ መስለዋል። ጠርዛቸው ሟሙቷል። ነካሪው ኒኬሉን ከማልበሱ በፊት ብረቱን አሽቶ አሽቶ አለስልሶታል ማለት ነው። ኒኬሉ ቢነሳ ከሥሩ የሚወጣው ያው የታሸ ብረት ነው። የጠፋው ፊደል አይመለስም።

ሁለተኛ፣ አፈሙዙ ከእንጨቱ ጋር በሚነካካበት መስመር ኒኬሉ እንደ ችፍታ ቋጥሯል። አንዱን በጥፍሬ ስጫነው ተሰነጠቀና ቡናማ ዱቄት ወጣ። ጅማ ዝናቡን ታውቁታላችሁ፤ እርጥበት የማይገባበት ቤት የለም። የጣሪያ ቆርቆሮ ላይ ያለው ዚንክ ሲጫር እንኳ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያድናል። ኒኬል ግን ተቃራኒ ነው። አንዴ ከተበሳ ዝገቱን እዚያች ቀዳዳ ላይ ያበረታታል። ስለዚህ «ኒኬሉ ይጠብቀዋል» የሚለው ወገንም ልክ አልነበረም።

አንድ የማውቀው የቶርኖ ባለሙያ «አምጣው፣ በአሲድ ላንሳልህ» ብሎኝ ነበር። እጁን አከብራለሁ። ግን አሲድ ኒኬሉን በልቶ ሲጨርስ ብረቱን ይምራል? የብሎን ጥርስና ስስ ስፕሪንግ ያለበትን ነገር አሲድ ውስጥ መንከር አላስደፈረኝም። ጠርጎ ማንሳትም ያችኑ የቀረችውን ጽሑፍ ይዞ መሄድ ነው።

የሰደፉ ነገር ቀለለኝ። ዋናው እንጨት ጠቆር ያለ የፈረንጅ ዋልነት ነው። ከሥር ተቆርሶ የገባው ቁራጭ ፈካ ያለ፣ የእንጨቱ መስመር ሰፋፊ የሆነ ዋንዛ ነው፤ ጅማ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። አንገቱ ጋ ተሰንጥቆ በጠፍር ተጠፍሯል። ጠፍሩን እርጥቡን ጠምጥመው ሲደርቅ አጥብቆ ይዟል። የእጅ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቆዳው ጠቁሮ እንደ መስታወት ያበራል። የአጎቴ ልጅ «ይሄን ቀዳደን በብርጭቆ ወረቀት ፈትገን ቬርኒሽ እንቀባው» አለ። ትልቁ አጎቴ ቀና ብለው አዩትና «ያቺን ጠፍር የነካ ሰው ከእኔ ጋር ዘመድ አይደለም» አሉ። ክርክሩ እዚያ ላይ ተዘጋ።

እኔን ግን የወሰነኝ ፎቶ ነው። ከአክስቴ ሳጥን የወጣ፣ አያቴ በሚያዝያ 27 ሰልፍ ላይ የተነሱት። ካባ ለብሰው፣ ሜዳሊያ ደርድረው። ትከሻቸው ላይ ያለው ጠመንጃ አጭር ነው፤ ነጭ ሆኖ ያብረቀርቃል። ለካ ያስነከሩት ራሳቸው ናቸው! እኛ እስከዚያ ድረስ አንድ ነጋዴ አበላሸው እያልን ስም የሌለውን ሰው ስናማ ነበር። እንግዲህ እንደ ድሮው ይሁን ሲባል የትኛው ድሮ ነው? የሴንት ኤቲየኑ? የአድዋው? ወይስ አያቴ በአርበኝነታቸው የኮሩበት? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መመለስ አልችልም። ሦስተኛው እጄ ላይ ነው።

ስለዚህ ኒኬሉ እንዳለ ቀረ። የሠራሁት ጥቂት ነው። ብረቱን ከእንጨቱ አላቅቄ የቋጠረውን ቦታ ብቻ በዘይትና በነሐስ ቁራጭ ቀስ እያልኩ ጠረግሁት። ነሐስ ከብረት ስለሚለሰልስ ዝገቱን እንጂ ብረቱን አይጭርም። ከዚያ ስስ ዘይት፣ በላዩ ሰም። እንጨቱን በደረቅ ጨርቅ ወለወልኩ፣ በቃ። ጠፍሩን ዘይት እንኳ አላስነካሁትም፤ ቢላላ ስንጥቁ ይከፈታል። የጠፋ አንድ ብሎን ነበር፤ ቶርኖ ቤት አስቀረጽኩ። አዲስ መሆኑ እንዲታወቅ ከጭንቅላቱ ሥር ዓመተ ምሕረቱን አስቆረጥኩበት። የነካሁትንና የተውኩትን ሁሉ ጽፌ ከፎቶው ቅጂ ጋር ከፈቃዱ ወረቀት ኋላ አድርጌዋለሁ።

የድሮውን የቆዳ አፎት ለብቻው ሰቀልኩት። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ብረት ውስጡ ከርሞ በሰላም አይወጣም። መተኮስ የሚባል ነገርም አይታሰብም። የተቆረጠ፣ ዝገት የነካው፣ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ብረት ነው፤ በዛሬ ባሩድ የተሞላ ጥይት ፊት ላይ ሊያፈነዳው ይችላል።

የአጎቴ ልጅ አሁንም አልተዋጠለትም። ባለፈው መጥቶ «ቢያንስ ሰደፉን ቬርኒሽ» አለኝ። አጎቴን ጠይቅ አልኩት። እስካሁን አልጠየቀም።