ለማልቀስ ከሆነ

ይህን ሳስታውስ አሁንም ጆሮዬ ይግላል።

ቅዳሜ ማታ ጣና ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ እንጫወታለን። እኔ ደብል ቤዝ ነኝ፣ ያ ቆመው የሚጫወቱት ትልቁ ባለ ክር መሣሪያ። በጣት ብቻ ነበር የምመታው፤ ደጋኑ ቦርሳ ውስጥ ተኝቶ ይከርማል። ክሮቼ ስፓይሮኮር ነበሩ፣ ቪየና የሚሠሩት፣ ውስጣቸው የተጠማዘዘ ብረት። ያስገዛኝ ኪቦርዲስታችን ነው፤ "ጃዝ የሚጫወት ሰው ሌላ አያስርም" ብሎ። ለጣት አልዋሸም፣ አንዴ መትተህ ሻይ ፉት ብለህ ስትመለስ ድምፁ ገና አለ። ስለ ደጋን ግን ትንፍሽ አላለም። (እሱ ቤዝ የሚጫወተው በግራ እጁ ኪቦርድ ላይ ነው፤ በዕድሜው ክር ቀይሮ አያውቅም።)

አንድ ማታ ድምፃዊታችን "የትዝታውን መግቢያ በደጋን አድርግልኝ፣ እንደ ማሲንቆ" አለችኝ። እሺ አልኩ። ሬ ክር ላይ ስጀምር ፉጨት ወጣ። ሶል ላይ ስወጣ ጅራቷ የተረገጠ ድመት። ስደነግጥ ደግሞ ደጋኑን አፈጠንኩት፣ ባሰ።

ከእኛ ቀጥሎ የሚገቡ ሽማግሌ አዝማሪ ነበሩ። ማሲንቋቸውን ይዘው ተነሡና ገና ሳይቀመጡ፦

"ባለ አራት ክር ጌታ፣ ቤዝህ ምን ይጮሃል፤
ለማልቀስ ከሆነ፣ አንድ ጭራ ይበቃሃል።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ብሩ ግንባራቸው ላይ ተደረደረ። ክፍያ ጨምር ስንለው ዓይኑን የሚያሸሸው ሥራ አስኪያጅ ሳይቀር ሄዶ ለጠፈ!

ሲጨርሱ ተከትያቸው ወጣሁ።

"ጋሼ፣ ጥፋቱ የክሩ እኮ ነው። ይሄ ብረት ለጣት እንጂ ለደጋን እሺ አይልም።"

"እስቲ አምጣው።"

ደጋኑን በራሳቸው አያያዝ ያዙት። ወደ ብርኩማው፣ ክሩ ወደሚያርፍበት እንጨት፣ ጠጋ አደረጉና ገበሬ እርፉን እንደሚጫን ተጭነው፣ ቀስ ብለው ሳቡት። ያው ክር፣ ያው ሮዚን፣ ደጋኑ የሚቀባው ሙጫ። ድምፁ ሙሉ ሆኖ ወጣ፣ ደረቴ ላይ ተሰማኝ።

"አትሩጥበት ልጄ። እሺ እስኪልህ ጠብቀው" ብለው መለሱልኝ።

ምን ይባላል? ምንም አላልኩም።

እና ክር ገዛሁ። አዎ፣ ገዛሁ። ዜማው ያለው ላይኞቹ ሁለት ክሮች ላይ ስለሆነ ሬ እና ሶልን ብቻ አውልቄ ኦብሊጋቶ የሚባል ክር አሰርኩ፣ ውስጡ ብረት ያልሆነውን፤ በዘመድ ሻንጣ እስኪመጣ ወራት ፈጀ። ሚ እና ላ እንደነበሩ ቀሩ፣ እነሱን በጣት ነው የምፈልጋቸው። አዲሶቹ ደጋን ሲነካቸው ቶሎ ይናገራሉ። በጣት ግን እንደ ድሮው አይቆዩም፣ ከላ ወደ ሬ ስሻገር ደግሞ ጣቴ ሌላ ቤት የገባ ይመስለዋል። ለምጄዋለሁ።

በቀደም አዝማሪው ጥግ ይዘው ትዝታውን እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

"ክር ቀየርክ?"

"አዎ ጋሼ።"

"ቀስ ብለህም ትስባለህ።"

የትኛው እንደሠራ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ለኪቦርዲስቱ ግን ክሩ ነው ብየዋለሁ።