ጎዶት ውስጥ የኤአይ ረዳት አስገብቼ ገበጣ ስሠራ

ጎዶት በሚባለው የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ጌም የምትሠሩ ከሆነ፣ ከኤዲተሩ ሳትወጡ የምታዋሩት የኤአይ ረዳት ማስገባት ትችላላችሁ። እኔም አስገብቻለሁ። የምሠራው ገበጣ ነው፤ 12 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር። ረዳቱን ጎዶት ውስጥ የሚያስገባውን ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) መጫን ቡና እስኪፈላ ያልቃል። ልፋቱ ያለው ለረዳቱ ሁለት ነገር ማስረዳት ላይ ነው፤ የትኛውን ጎዶት እንደምጠቀምና የትኛውን ገበጣ እንደምጫወት።

መጀመሪያ ግን ምርጫ አለ። አንዳንዶቹ ፕለጊኖች በኢንተርኔት ከትልልቅ ሞዴሎች ጋር ይገናኛሉ። ኤፒአይ ኪይ (ሒሳባችሁን የሚለይ ሚስጥራዊ ቁልፍ) ይፈልጋሉ፣ ሒሳቡም በዶላር ነው። ሌሎቹ ደግሞ እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ከሚሠራ ሞዴል ጋር ይነጋገራሉ። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። በዶላር የሚከፍል ካርድ ፍለጋ ከባንክ ባንክ መዞር አልፈለግኩም፤ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ሥራዬ እንዲቆምም እንዲሁ። በጥራት ግን አይገናኙም። ካርዱ ያላችሁ፣ በተለይ ውጭ አገር የምትኖሩ፣ በትልልቆቹ ብትጀምሩ ይሻላችኋል።

ሞዴሉን የሚያስኬደው ኦላማ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው። በእሱ ላይ ኩዌን 2.5 ኮደርን አወረድኩ። አሊባባ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው፣ ለኮድ የተዘጋጀ ሞዴል ነው። ባለ 7 ቢሊዮን ፓራሜትሩ (ፓራሜትር የሞዴሉን ትልቅነት የሚለካ ቁጥር ነው) ወደ 4.7 ጊጋባይት ይሆናል፤ የሞባይል ዳታ ለምትጠቀሙ ቀላል አይደለም። 16 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ይሸከመዋል። ግራፊክስ ካርድ ከሌለው ግን መልሱ እየተንቀራፈፈ ነው የሚመጣው። አቅሙ ለማይፈቅድ ማሽን ወደ 1 ጊጋባይት የሚሆን ባለ 1.5 ቢሊዮንም አለ፤ አጫጭር ነገሮችን ለማስሞላት ያህል ይበቃል፣ ከዚያ በላይ አትጠብቁበት።

ኦላማ መነሳቱን ለማየት ብራውዘር ላይ ሎካልሆስት ብላችሁ በፖርት 11434 ክፈቱ። እየሠራ መሆኑን የምትናገር አንዲት መስመር ትመጣለች። ፕለጊኑ አድራሻ ሲጠይቃችሁም የምትሰጡት ይህንኑ ነው።

ፕለጊኑን ከጎዶት አሴት ላይብረሪ ማውረድ ይቻላል። ከዚያ ፕሮጀክት ሴቲንግስ ውስጥ ፕለጊንስ የሚለው ታብ ገብታችሁ ኢኔብል ማድረግ ብቻ ነው። ከጊትሀብ በዚፕ ካወረዳችሁት አንድ የምታናድድ ነገር አለች። ዚፑ ሲፈታ ፎልደር በፎልደር ውስጥ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ፕለጊኑ ዝርዝሩ ላይ ላይታይ ይችላል። ጎዶት የሚያየው አድኦንስ የሚለው ፎልደር ቀጥታ ፕሮጀክታችሁ ሥር ሲሆን ነው፤ የፕለጊኑን ፎልደርም ቀጥታ በውስጡ አስቀምጡት።

የመጀመሪያው መልስ በጣም ቢዘገይ አትደንግጡ። ሞዴሉ ወደ ራም እየተጫነ ነው። ኦላማ ደግሞ ለአምስት ደቂቃ ካልተጠየቀ ሞዴሉን ከራም መልሶ ያስወጣዋል። ኮድ አንብባችሁ፣ ስልክ አንስታችሁ ስትመለሱ እንደገና ከዜሮ ነው። ይህን ጊዜ ኪፕ አላይቭ በሚባለው ሴቲንግ ማራዘም ይቻላል።

ኪይ ለምትጠቀሙ ደግሞ ይህቺን ልብ በሉ። ፕለጊኑ ኪዩን የት እንደሚያስቀምጠው ሳታዩ ኮዳችሁን ወደ ጊት (የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚይዝ ፕሮግራም) ፑሽ አታድርጉ። ኤዲተር ሴቲንግስ ውስጥ ከሆነ እናንተው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። ፕሮጀክት ሴቲንግስ ውስጥ ከሆነ ግን ከፕሮጀክቱ ፋይል ጋር አብሮ ይሄዳል። ፕሮጀክቱ ለሁሉም ክፍት ከሆነ፣ ሒሳባችሁም ለሁሉም ክፍት ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ጎዶት 4 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ኢንተርኔቱ ላይ ግን ከዚያ በፊት ለዓመታት የተጻፈ የጎዶት 3 ኮድ ሞልቷል። ሞዴሉ ሁለቱንም ተምሯል፣ ሁለቱንም ይቀላቅላል። ጠጠሮቹ አንድ በአንድ ሲወርዱ እንዲታዩ ኮድ ጻፍልኝ ስለው ይልድ ብሎ ይጽፋል፤ ጎዶት 4 ላይ የሚሠራው አዌይት ነው። ትዊንን (እንቅስቃሴ የሚፈጥረውን መሣሪያ) እንደ ኖድ (የጌሙ መገንቢያ ክፍል) ይጨምራል፤ አሁን ግን ትዊን በኮድ ነው የሚፈጠረው። ኢንስታንስ ይላል፤ ኢንስታንሼት መሆን ነበረበት። ሲግናል ሲያገናኝም በድሮው መንገድ ነው።

ሲስተም ፕሮምፕቱ (ለረዳቱ አስቀድሞ የሚሰጠው ቋሚ መመሪያ) ላይ «የምጠቀመው ጎዶት 4 ነው» ብሎ መጻፍ ብቻውን ብዙ አይፈይድም። «እሺ» ይልና ወደ ልማዱ ይመለሳል። የሠራልኝ የድሮውንና የአዲሱን ጥንድ ጥንድ አድርጎ መጻፍ ነው፤ ይልድ ቀርቷል፣ በምትኩ አዌይት፤ ኢንስታንስ ቀርቷል፣ በምትኩ ኢንስታንሼት። አዲስ ስህተት ባየሁ ቁጥር አንድ መስመር እጨምራለሁ። ዝርዝሩ እንዳይንዛዛ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እኔ ማሽን ላይ ኦላማ በነባሪ የሚይዘው 4096 ቶክን (ሞዴሉ ጽሑፍን የሚከፋፍልበት ቁራጭ) ነው። ከሞላ የድሮው ጽሑፍ ይቆረጣል፣ ተቆረጠ ብሎም አይነግራችሁም። ረዳቱ ቅድም የተስማማችሁበትን ድንገት ከረሳ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። መጠኑን ከፍ ማድረግ ይቻላል፣ ራሙ ከፈቀደ።

ሁለተኛው የገበጣው ነገር ነው። ሞዴሉ እንዲህ ያለ ጨዋታ ሲባል ወደ አእምሮው የሚመጣው ካላህ ነው። እሱ አሜሪካ ውስጥ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ተስተካክሎ ለገበያ የቀረበ ጨዋታ ነው። በግራና በቀኝ ትልልቅ ማጠራቀሚያዎች አሉት፤ የመጨረሻዋ ጠጠር በራስህ ማጠራቀሚያ ካረፈች ሌላ ተራ ታገኛለህ። እኛ ሠፈር የምንጫወተው እንዲህ አይደለም። የመጨረሻዋ ጠጠር ያረፈችበት ጉድጓድ ባዶ ካልነበረ፣ ያለውን ሁሉ አንስተህ ትቀጥላለህ፤ ባዶ ላይ ስታርፍ ታቆማለህ። በእርግጥ የገበጣ ሕግ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ሌላ ሠፈር ያደገ ሰው ይከራከረኝ ይሆናል። ቢሆንም ካላህ አይደለም።

ሕጉን በቃላት አብራራሁለት። አነበበ፣ ተስማማ፣ ማጠራቀሚያውን መልሶ አመጣው! ነገሩን የፈታው ምሳሌ ነው። ሁሉም ጉድጓድ አራት አራት ይዞ ከመጀመሪያው ጉድጓድ ብትነሱ፣ አምስት ጊዜ አንስታችሁ ትቆማላችሁ። በቅደም ተከተል የሚቀረው 2፣ 7፣ 1፣ 6፣ 1፣ 6፣ 6፣ 6፣ 0፣ 1፣ 6፣ 6 ነው፤ ሲደመር 48። ይህንን በወረቀት አውጥቼ «ኮድህ ይህን ካላመጣ ትክክል አይደለም» አልኩት። ከዚያ በኋላ ስለ ሕጉ መከራከር ቀረ። ቁጥሩ ካልመጣ ያወጣውን ውጤት መልሼ እሰጠዋለሁ፣ ያስተካክላል። ይህንን ትንሽ ሞዴል ጠቃሚ ያደረገልኝ ይህ አሠራር ነው።

በአማርኛ ላናግረው ሞክሬም ነበር። ይህ ትንሽ ሞዴል አማርኛው ደካማ ነው። በዚያ ላይ አንድ የአማርኛ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የጽሑፍ ማስቀመጫ ሥርዓት ሦስት ባይት ይይዛል፣ የእንግሊዝኛው አንድ። ያቺ 4096 ቶክን የምትይዝ ጠባብ ኮንቴክስት በአማርኛ ቶሎ ትሞላለች። ስለዚህ ትእዛዙን በእንግሊዝኛ፣ ጌሙ ላይ የሚታየውን ጽሑፍ ግን ራሴ በአማርኛ እጽፋለሁ።

ስለ አማርኛ ካነሳሁ አይቀር፣ ረዳቱ ያልደረሰበት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጌሙ ላፕቶፔ ላይ ፊደሉን አሳምሮ ያሳያል። ለዌብ ኤክስፖርት ሳደርገው ግን ሁሉም ባዶ ሳጥን ሆነ። ረዳቱ የፋይሉን ኢንኮዲንግ (ፊደሉ በፋይሉ ውስጥ የተቀመጠበትን መንገድ) እይ አለኝ፤ ኢንኮዲንጉ ምንም አልነበረውም። ጉዳዩ ፎንት ነው። የጎዶት ነባሪ ፎንት ፊደላችን የለውም፤ ኮምፒውተር ላይ የሚታየው ጎዶት ከሲስተሙ ፎንት ተበድሮ ነው። ብራውዘር ውስጥ ያ ብድር የለም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ፕሮጀክቱ ውስጥ አስገብቼ የጌሙ ነባሪ ፎንት ሳደርገው ተፈታ። ፎንቱ ነጻ ነው።

አሁን ለረዳቱ ስክሪፕት ብቻ ነው የማስነካው። የሲን (የጌሙ ትዕይንት) ፋይሎች ጽሑፍ ስለሆኑ መጻፍ የሚችል ይመስለዋል፣ ግን በውስጣቸው ያሉት መለያ ቁጥሮች እርስ በርስ መግጠም አለባቸው። ከራሱ ፈጥሮ ሲጽፍ ሲኑ አልከፈት ይላል። ኖዶቹን በእጄ ነው የምጨምረው፣ ጊዜም አይወስድም። ፋይል እንዲቀይር ከመፍቀዴ በፊት ደግሞ ጊት ላይ ኮሚት አደርጋለሁ (ያለውን መዝግቤ አስቀምጣለሁ)፤ ፕለጊኑ ቀጥታ ዲስክ ላይ የጻፈውን ኮንትሮል ዜድ ላይመልሰው ይችላል።