ብሬከር ስመርጥ ከአምፔሩ በፊት ትራንስፎርመሩን

የፓነል (የኤሌክትሪክ ማከፋፈያና መቆጣጠሪያ ሣጥን) ሥራ ትምህርቴ ቀጥሏል። ከኮንታክተርና ከኦቨርሎድ ሪሌይ በኋላ አሁን ሜን ብሬከር (የፓነሉ ዋና ማቋረጫ) ላይ ደርሻለሁ፤ ያ ትልቁ፣ ሞልድድ ኬዝ የሚባለው። የምለማመድበት ፓነል አዲስ አበባ ውስጥ ላለ የእንጨት ሥራ ቤት ነው። መጋዝ፣ መላጊያ፣ ኮምፕረሰርና አቧራ መሳቢያ አለው።

መርካቶ ሄዳችሁ ብሬከር ስትጠይቁ ሻጩ የሚመልስላችሁ «ስንት አምፔር?» ብሎ ነው። አምፔሩ ግን ቀላሉ ነገር ነው። አብረው የሚሠሩት ማሽኖች ድምር 45 ኪሎዋት ነው። በ380 ቮልትና በ0.85 ፓወር ፋክተር (ከሚሳበው ኃይል ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ) ሲሰላ 80 አምፔር ገደማ ይመጣል። ስለዚህ 100 አምፔር ብሬከር።

ኬብሉ ሲታይ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። ግድግዳ ላይ የተያዘ ባለ 25 ስኩዌር (ስኩዌር ሚሊሜትር)፣ ፒቪሲ የለበሰ የመዳብ ኬብል በአይ ኢ ሲ (ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ደረጃ አውጪ) ሰንጠረዥ የሚሸከመው 96 አምፔር ነው። ብሬከሩ ከሎዱ (ማሽኖቹ ከሚስቡት) በላይ፣ ከኬብሉ በታች መሆን አለበት፤ 100 ደግሞ ከ96 ይበልጣል። መፍትሔው ፊቱ ላይ ማስተካከያ ያለው ብሬከር ነው። ቁልፉን 0.9 ላይ ሳደርገው 90 አምፔር ሆነ፤ 80፣ 90፣ 96፣ ተሰለፉ። ማስተካከያ የሌለው ርካሹ ዓይነት ከተገዛ ኬብሉ ወደ 35 ስኩዌር ማደግ አለበት። የኬብሉን ዋጋ ስትደምሩበት ርካሹ ብሬከር ርካሽ አይደለም።

አሁን ወደ ትራንስፎርመሩ። ሥራ ቤቱ አጠገብ ምሰሶ ላይ ያለው 315 ኬቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ) ነው፤ ኢምፔዳንሱ (ፍሰቱን የሚገታው የራሱ ተቃውሞ) 4 በመቶ። 315,000ን ለ1.732 እና ለ400 ቮልት ብታካፍሉ 455 አምፔር ታገኛላችሁ። ያንን ለ0.04 ስታካፍሉት 11.4 ኪሎ አምፔር ይሆናል። ትራንስፎርመሩ አፍ ላይ ሾርት ቢፈጠር የሚፈሰው ይህን ያህል ነው። ኬብል በረዘመ ቁጥር ይቀንሳል፤ እዚህ ግን ቅርብ ስለሆነ እምብዛም አልቀነስኩም። ስለዚህ ሾርት የመቁረጥ አቅሙ 10 ኪሎ አምፔር ተብሎ የተጻፈበትን ብሬከር ትቼ 25 የሚለውን መረጥኩ። የማይችለው ሾርት የገጠመው ብሬከር ላይቆርጥ፣ እዚያው ሊፈነዳ ይችላል። 100 አምፔር የተጻፈባቸው ሁለት ብሬከሮች በዋጋ የሚራራቁት ብዙ ጊዜ በዚህ ቁጥር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ብሬከሩ ላይ አይሲዩ (Icu) እና አይሲኤስ (Ics) የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው ከፍተኛውን ሾርት አንዴ መቁረጥ መቻሉን ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ለሥራ መብቃቱን ግን አያረጋግጥም። ሁለተኛው ከቆረጠ በኋላም ማገልገል የሚችልበት ልክ ነው። 25 ተጽፎ አይሲኤሱ 50 በመቶ ከሆነ እጃችሁ ላይ ያለው 12.5 ነው። ለእኛ ሥራ ቤት ይበቃል፣ ለጥቂት። ለሜን ብሬከር ግን 100 በመቶ የሆነውን እመርጣለሁ። ሲበላሽ ሥራው በሙሉ ይቆማል፤ ምትክ ደግሞ በማግስቱ ላይገኝ ይችላል።

ሞተር ሲነሳ እንዳይቆርጥ ማግኔቲኩን (ሾርት ሲመጣ ብሬከሩን ወዲያው የሚያስቆርጠውን ክፍል) ማየት ያስፈልጋል። ትልቁ ሞተር 22 ኪሎዋት ነው፤ ሲሠራ 42 አምፔር ገደማ፣ በቀጥታ ሲነሳ ግን ሰባት እጥፍ ሊስብ ይችላል። ወደ 300 አምፔር ማለት ነው። ሌሎቹ ማሽኖች ተደምረው እንኳ ከ350 አያልፍም። ማግኔቲኩ ከ10 እጥፍ፣ ከ1000 አምፔር ጀምሮ ስለሆነ ችግር የለውም።

ከፍታውን ደግሞ አትርሱ። ስታንዳርዱ ብሬከርን የሚያየው እስከ 2000 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከአዲስ አበባም በላይ። አየሩ ሲሳሳ ማቀዝቀዙ ይደክማል፤ አምራቾች 3000 ሜትር ላይ አምፔሩን በጥቂት በመቶ ይቀንሳሉ። ለኛ ፓነል ለውጡ ኢምንት ነው። ሠመራ ለሚሠራ ሰው የሚያሳስበው ሙቀቱ ነው፤ ብዙዎቹ ብሬከሮች የተለኩት በ40 ዲግሪ ነው፣ የተዘጋ ካቢኔ ውስጥ ደግሞ ከዚያ ያልፋል።

ቀጥሎ የያዝኩት ሰሌክቲቪቲ ነው፤ አንድ ማሽን ላይ ሾርት ሲፈጠር ሜኑ አብሮ እንዳይወርድ። ሜኑንና የታችኞቹን ከአንድ አምራች ገዝታችሁ ሰንጠረዡን ተከትላችሁ የሠራችሁ ካላችሁ፣ እንዴት እንደሄደላችሁ ጻፉልኝ።