ሜዲትራኒያን ላይ ያረፉት የሐዋሳ ፎቶዎች

የቤተሰቡን ፎቶ በሙሉ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ሰብስቤ ዲጂካም በሚባለው የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራም ካርታ ላይ ስከፍተው፣ ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ስንበላ የተነሣነው ሻሸመኔ፣ ታቦር ተራራ ላይ የተነሣነው ታንዛኒያ፣ የገብርኤል ክብረ በዓል ደግሞ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ተቀምጧል። አንድ በአንድ እየጎተቱ ወደ ሐዋሳ መመለስ ይቻላል፤ ግን ዕድሜ ይፈጃል። መጀመሪያ ስሕተቶቹን በዓይነታቸው ለየኋቸው።

የሐዋሳ ኬክሮስ 7.05 ሰሜን፣ ኬንትሮሷ 38.47 ምሥራቅ ገደማ ነው። ቁጥሮቹ ቦታ ከተለዋወጡ በአልጄሪያና በሰርዲኒያ መካከል ያለው ባሕር ላይ ይወድቃሉ። ኤግዚፍ ውስጥ፣ ማለትም ፎቶው ፋይል ላይ አብሮ በሚቀመጠው መረጃ ውስጥ ደግሞ፣ ሰሜን ወይም ደቡብ የሚለው ከቁጥሩ ተለይቶ ነው የሚመዘገበው፤ «ደቡብ» ከተባለ ታንዛኒያ ይገባል። ሁለቱም ቦታቸው በእጅ የተሞላላቸው የድሮ ስካን ፎቶዎች ናቸው። ይህን መረጃ በሚያርመው ኤግዚፍቱል በተባለ ፕሮግራም በጅምላ አስተካከልኳቸው። ፕሮግራሙ ካልከለከሉት በቀር የቀድሞውን ፋይል ከጎን ስለሚያስቀምጥ ሰው ደፍሮ ይሠራበታል።

የሻሸመኔዎቹ ስልኩ ሳተላይት ሳይዝ፣ በፊት የነበረበትን ቦታ የጻፈባቸው ናቸው። ለእነዚህ ቀመር የለም፤ ትንሽ ቆይቶ የተነሣውን ፎቶ ቦታ ሰጠኋቸው።

ትልቁ ጣጣ የአጎቴ ልጅ ካሜራ ነው። ካሜራው ጂፒኤስ የለውም፤ ከአዲስ አበባ ስንመጣ ግን ስልኬ መንገዱን ቦታና ሰዓት በሚይዝ ጂፒኤክስ በሚባል ፋይል መዝግቦ ነበር። ፎቶና መንገድ የሚገናኙት በሰዓት ነው። ጂፒኤክሱ የሚጽፈው ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ባለው የዓለም ሰዓት ስለሆነ ያንን አስቤ አገናኘኋቸው። ሐይቁ ዳር የተነሡት ግን መንገዳችን ላይ ያለችው ባቱ ላይ ሄደው ተሰለፉ። ባቱም ሐይቅ አላትና ነገሩ እውነት ይመስላል፤ ዓይን የሚያልፈው እንዲህ ያለውን ነው።

የነቃሁት አንዱ ኬክ ሲቆረስ ስልኬም ካሜራውም ስላነሡት ነው። ስልኬ 16:00 ሲል ካሜራው 10:00 ይላል። ለካ የአጎቴ ልጅ የካሜራውን ሰዓት የሞላው በእኛው አቆጣጠር ነው፦ ከቀኑ 10 ሰዓት! እውነት ለመናገር አልፈርድበትም፤ ካሜራው የጠየቀው ሰዓት ስንት ነው ብሎ ነው። ሁሉም ላይ 6 ሰዓት ደምሬ እንደገና ሳገናኛቸው እያንዳንዱ ቦታውን ያዘ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚጀምር ሰው ካርታውን ከመንካቱ በፊት ሰዓቱን ይይ።

በቴሌግራም እንደ ፎቶ የመጡት ግን ምንም መረጃ የላቸውም፤ መተግበሪያው ሲልክ ያራግፈዋል። ዘመዶቼን ዋናውን እንደ ፋይል እንዲልኩልኝ ለመንኳቸው። ዋናው የጠፋባቸውን በትዝታ ስሞላ ከነጥብ በኋላ 2 አኃዝ ብቻ ጻፍኩ። ያ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ያህል ልዩነት ይፈቅዳል። «ግምት» የሚል መለያ ቃልም (ታግ) ጨመርኩባቸው፤ ፈልጌ ለማውጣት ይመቸኛል።