ቴይልስ ላይ ቋሚ ማስቀመጫ ከፍቼ ያየሁት

ሰላም ናችሁ። ቴይልስን ከፍላሽ ማስነሳት ከለመድኩ በኋላ አሁን ፐርሲስተንት ስቶሬጅ የሚባለውን ቋሚ ማስቀመጫ ከፍቼ እየሠራሁበት ነው።

ለአዲሶች ባጭሩ፦ ቴይልስ ዴቢያን በሚባለው ሊኑክስ ላይ የተሠራ፣ ኢንተርኔቱን ቶር በሚባለው ማንነትን በሚደብቅ ኔትወርክ በኩል የሚያሳልፍ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የሠራችሁትን ሁሉ ይረሳል። ቋሚው ማስቀመጫ እዚያው ፍላሽ ላይ በተረፈው ቦታ የሚፈጠር የተመሰጠረ ክፍል ነው። ፍላሹ ቢያንስ 8 ጊጋ ይሁን።

መክፈቱ ቀላል ነው። ፓስወርድ ትሰጡታላችሁ፣ ከዚያ ምን እንዲያስቀምጥ እንደምትፈልጉ ትመርጣላችሁ፦ የዋይፋይ ፓስወርድ፣ ቡክማርክ፣ የተንደርበርድ ኢሜይል፣ የጂፒጂ (የመልእክትና የፋይል ማመስጠሪያ) ቁልፍ። እኔ የፋይል ፎልደሩንና ዋይፋዩን ብቻ ነው ያበራሁት። ሌላውን ምን ያደርግልኛል?

ፓስወርዱ ላይ ግን ጊዜ ውሰዱ። የሚመከረው በዘፈቀደ የተመረጡ ከ5 እስከ 7 ቃላት ነው። የግጥም ስንኝ ወይም የመዝሙር አዝማች አይሁን፤ እሱን ሌላም ሰው ያውቀዋል። እኔ የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ነው የጻፍኩት፤ ዛሬ በአንድ ‹ኤስ› ነገ በሁለት የሚጽፍ ሰው ግን ባይሞክረው ይሻላል። «ፓስወርድ ረሳሁ» የሚል ቁልፍ የለውም። ከረሳችሁት አለቀ፣ ማንም አይመልስላችሁም። በፈረንጆቹ 2023 ከወጣው ቨርዥን 5.13 ጀምሮ ምስጠራው ሉክስ 2 (ዲስክ ማመስጠሪያ) ከአርጎን 2 (ፓስወርዱን ወደ ቁልፍ ከሚቀይር ስልት) ጋር ሆኗል። እያንዳንዱ የፓስወርድ ግምት ብዙ ሚሞሪ ስለሚበላ መገመቱ በጣም ይከብዳል። አጭር ፓስወርድን ግን እሱም አያድነውም።

አሁን ወደ ጎንደር እንምጣ። የመብራቱን ነገር ታውቁታላችሁ፣ የኔ ዴስክቶፕ ደግሞ ባትሪ የለውም። የአክስቴ ልጅ አሳይንመንቷን ስትጽፍ ድርግም አለ። ሲመለስ ፋይሉ የለም። «ሴቭ አድርጌው ነበር እኮ!» ትላለች፣ እውነቷንም ነው፣ ግን ያስቀመጠችው ዶክመንትስ ውስጥ ነበር፣ እሱ ደግሞ ያለው ሚሞሪ ላይ ስለሆነ ከመብራቱ ጋር አብሮ ሄደ። የሚተርፈው ፐርሲስተንት የሚለው ፎልደር ውስጥ የገባው ብቻ ነው። ፍላሹን እየሠራ ሳለ መንቀልም ኮምፒውተሩን ወዲያው ያጠፋዋል፤ አስጊ ነገር ሲመጣ ጥሩ ነው፣ እንዲሁ በስንፍና ከሆነ ግን ማስቀመጫውን ሊያበላሸው ይችላል።

ሌላው፣ ፒያሳ ፕሪንት ልታስደርጉ ስትሄዱ ይህን ፍላሽ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ እንዳትሰኩት። ለዚያ ርካሽ ሌላ ፍላሽ ያዙ። ደግሞም ማስቀመጫው የተመሰጠረ እንጂ የተደበቀ አይደለም፦ ፍላሹን ያገኘ ሰው ውስጡን ማንበብ ባይችልም መኖሩን ያያል።

ፍላሽ እንደሆነ ይሞታል። ስለዚህ ቴይልስ ውስጥ ባለው ቴይልስ ክሎነር በሚባል መቅጃ ማስቀመጫውን ጨምሮ ወደ ሁለተኛ ፍላሽ ቅዱ፣ ሁለተኛውን ሌላ ቤት አስቀምጡ።

ኔትወርክ እየዘገየባችሁ አዲሱን ቨርዥን ማውረድ ያቃታችሁ ካላችሁ፣ ማራኪ አካባቢ ነኝ፣ ፍላሻችሁን ይዛችሁ ብቅ በሉ። ከኔ ፍላሽ አስነስተን በክሎነሩ እናድሰዋለን፤ የናንተ ማስቀመጫ እንደተቆለፈ ይቆያል፣ ፓስወርዱንም አልጠይቅም። «አፕግሬድ» የሚለውን እንጫን ብቻ፣ እንደ አዲስ ከጫንነው ያላችሁን ሁሉ ይጠርገዋል። ካመናችሁኝ ነው እንግዲህ።