ፊርማው የማን ነበር? ከኮምፒዬኝ ደን እስከ ራንስ

ከፓሪስ ሰሜን ባቡር ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ኮምፒዬኝ የሚሄደው ባቡር ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ከከተማው እስከ ደኑ ያለውን ጥቂት ኪሎ ሜትር ግን የሚስማማ አውቶቡስ ስላላገኘሁ በታክሲ ሄድኩ። ሐሳቤ አንደኛው የዓለም ጦርነት የቆመበትን ቦታ አይቼ፣ የሰላሙ ውል ወደ ተፈረመበት ወደ ቬርሳይ ማለፍ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን እጅ የሰጠችባት ራንስም ከፓሪስ ሩቅ ስላልሆነች እርሷንም ጨመርኳት። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደኑ መሃል ዛፍ የተመነጠረበት ሰፊ ሜዳ አለ። የፈረንሳዩ ማርሻል ፎሽ ባቡርና የጀርመን ልዑካን ባቡር በ1918 ጎን ለጎን የቆሙባቸው ሐዲዶች አሁንም ይታያሉ። ሐዲዶቹ ለከባድ መድፍ ተብለው የተዘረጉ ስለነበሩ ቦታው ከጋዜጠኛም ከተመልካችም ዓይን የተሰወረ ነበር። በመካከላቸው የተጋደመው ትልቅ ድንጋይ፣ የጀርመን መንግሥት ወንጀለኛ ትዕቢት ባሪያ ሊያደርጋቸው በተነሣባቸው ነጻ ሕዝቦች ድል ሆኖ እዚህ መውደቁን ያውጃል። ጽሑፉ ኃይለኛ ነው፤ ነገር ግን ትዕቢተኞቹ ራሳቸው እዚህ ደን ውስጥ እግራቸውን አላስገቡም። ይህ ነገር በጉዞዬ ሁሉ ሲከነክነኝ ነበር።

ሙዚየሙ ውስጥ የቆመው ፉርጎ 2419ዲ የሚል ቁጥር ይዟል፤ ዋናው ግን በ1945 ጀርመን አገር ተቃጥሎ ስለጠፋ፣ ይህኛው ከእርሱ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ በ1950 የተተካ ነው። ወደ ውስጥ መግባት ስለማይፈቀድ ጎንበስ ብሎ በመስኮት ማየት ግድ ይላል። ፉርጎው ቀድሞ ምግብ ቤት ነበር፤ ጠረጴዛውም የዓለም ጦርነት የቆመበት ነው ለማለት ያንሳል። በአንድ ወገን ፎሽ፣ ጄኔራል ዌጋንና የእንግሊዙ አድሚራል ዌሚስ ተቀምጠው ነበር። በሌላው ወገን የጀርመኑን ልዑክ የመራው ማትያስ ኤርዝበርገር የሚባል የፓርላማ አባል ነበር።

ለምን የፓርላማ አባል? ሴፕቴምበር 29 ቀን 1918 የጀርመኑ ጄኔራል ሉደንዶርፍ ጦሩ ከእንግዲህ መቋቋም እንደማይችል ተናግሮ ተኩስ ማቆም በአስቸኳይ እንዲጠየቅ አሳስቦ ነበር። በዚያው ሰሞን ግን ለመኮንኖቹ፣ አሁን መንግሥቱን የሚረከቡት የፓርላማ ሰዎች ሾርባውን ራሳቸው ይጠጡት፣ ማለትም መዘዙን ራሳቸው ይቀበሉት፣ የሚል ቃል ተናገረ። ኤርዝበርገር ሾርባውን ሊጠጣ የተላከ ሰው ነው። ኖቬምበር 8 ቀን ፎሽ ፊት ሲቀርብ ማርሻሉ ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ አለው፤ ሐሳባችሁን ልንሰማ ነው ቢለው፣ እኔ የማቀርበው ሐሳብ የለኝም ብሎ መለሰለት። ለመወሰን የተሰጣቸው 72 ሰዓት ብቻ ነበር። በመካከሉ ኖቬምበር 9 ቀን ካይዘሩ፣ ማለትም የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት፣ ከዙፋኑ መውረዱ ተነገረ፤ ልዑካኑ የወከሉት መንግሥት እነርሱ ደን ውስጥ ሳሉ ፈረሰ። ከጀርመን ጦር አለቃ ከሂንደንበርግ የመጣው መልእክት ደግሞ ቅጣቱን ለማቅለል ሞክሩ፣ ካልሆነ ግን እንዲሁም ቢሆን ፈርሙ የሚል ነበር። የጦሩ አለቃ ፈርሙ ብሎ አዘዘ፤ እጁን ግን አላስነካም።

ግዴታዎቹ የዋዛ አልነበሩም። ጀርመን ቤልጅግን፣ ፈረንሳይንና አልዛስ ሎሬንን በ15 ቀን ውስጥ ለቅቃ ልትወጣ፣ 5,000 መድፍ፣ 25,000 መትረየስ፣ 1,700 አውሮፕላንና 5,000 የባቡር ሎኮሞቲቭ ልታስረክብ ነው፤ የባሕር እገዳውም እንዳለ ይቀጥላል። ኖቬምበር 11 ቀን ከንጋቱ በፊት፣ እነርሱ አምስት ሰዓት በሚሉት ጊዜ ተፈረመ። ኤርዝበርገር ሰባ ሚሊዮን የሆነ ሕዝብ ይሠቃያል እንጂ አይሞትም ሲል፣ ፎሽ መልካም ብሎ ሳይጨብጠው ተለያዩ። ተኩሱ የሚቆመው ግን ከስድስት ሰዓት ያህል በኋላ፣ በአውሮፓ ሰዓት 11 ላይ ስለነበር በዚያ ቀን ብቻ ከ2,000 በላይ ወታደር እንደሞተ ይገመታል። ስምምነቱ እንደተፈረመ እያወቁ ወታደሮቻቸውን ወደ ጥቃት የላኩ አዛዦች ነበሩ፤ ለዚህ ምን ማመካኛ ሊኖር እንደሚችል አይገባኝም።

ከዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 1919፣ ሂንደንበርግ ጉዳዩን ለሚመረምረው የፓርላማ ኮሚቴ ጦሩ በገዛ አገሩ ሰዎች ከኋላው በጩቤ ተወጋ ብሎ መሰከረ። ፈርሙ ያለው ራሱ ነው! ኤርዝበርገር በኦገስት 1921 በቀኝ አክራሪዎች ተገደለ። ሂትለርም በጁን 1940 ያንኑ ፉርጎ ከሙዚየሙ አስወጥቶ በቀድሞው ቦታ አስቆመና ፈረንሳዮችን እዚያው ውስጥ አስፈረማቸው። ሜዳውን ካስፈራረሰው በኋላ የፎሽን ሐውልት ብቻ ሳይነካ እንዲተው አድርጓል።

ቬርሳይ ላይ ብዙ አልቆይም፤ የመስታወቱ አዳራሽ በጎብኚ ተጨናንቆ ነበርና ቆሞ ማሰብ አይቻልም። 73 ሜትር የሚረዝመው ይህ አዳራሽ ጀርመኖች በ1871 ፈረንሳይን አሸንፈው መንግሥታቸውን ያወጁበት ነው፤ ፈረንሳዮችም ጁን 28 ቀን 1919 ውሉን ያስፈረሙት ለዚህ ብድር መክፈያ ነው። የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ክሌማንሶ ፊታቸው በጦርነት የተበላሸ አምስት ወታደሮችን በአዳራሹ አስቁሞ ነበር። በጀርመን በኩል የፈረሙት ሄርማን ሙለርና ዮሐንስ ቤል ናቸው፤ ሁለቱም ሲቪሎች፣ አንድም ጄኔራል የለም። ውሉ 440 አንቀጽ አለው። አንቀጽ 231 ለደረሰው ጉዳት ጀርመንንና ተባባሪዎቿን ኃላፊ አደረገ፤ የጀርመን ጦር ከ100,000 ሰው እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ካሳው በ1921 132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ ሆነ።

ውሉ ከመጠን በላይ ከበደ የሚሉ ብዙ ናቸው። ጀርመን ራሷ በማርች 1918 ብሬስት ሊቶቭስክ ላይ ሩሲያን ያስፈረመቻትን ከባድ ውል ላየ ግን ክብደቱ ብቻውን ነገሩን አይፈታውም። እኔ እንደሚመስለኝ የባሰው፣ የተሸነፈው ጦር በሰልፍ፣ ከነመኮንኖቹ ወደ አገሩ መግባቱና ሽንፈቱን ሌላ ሰው መፈረሙ ነው። የውሉ የመጀመሪያ 26 አንቀጾች የመንግሥታት ማኅበርን ያቋቋሙ ናቸው፤ ኢትዮጵያ በ1923 የገባችበት፣ በ1936 ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ ቆመው የተሟገቱበት ማኅበር የተወለደው እዚሁ ነው።

ራንስ ስደርስ ያየሁት ቤት ከቬርሳይ ጋር አይወዳደርም፤ ቀይ ጡብ የሆነ ተራ ትምህርት ቤት ነው። በ1945 የጄኔራል አይዘንሃወር ጠቅላይ መምሪያ ነበር። የተፈረመበት ክፍል ግድግዳው እስከ ላይ በጦር ካርታ ተሸፍኗል፤ ወንበሮቹም በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዳሉ ናቸው። ሜይ 7 ቀን ከሌሊቱ በ2፡41 (በእነርሱ ሰዓት) የፈረመው የጀርመን ጦር የዘመቻ ኃላፊ ጄኔራል ዮድል ነው። በማግሥቱ ሌሊት በርሊን ካርልስሆርስት ላይ ደግሞ ሶቪየቶች አጥብቀው ስለጠየቁ ፊልድ ማርሻል ካይቴል ራሱ ፈረመ። ይህን ጊዜ ሾርባውን የሚጠጣ የፓርላማ ሰው አልተፈለገም፤ ጦሩን ያዘዘ፣ ሽንፈቱንም ፈረመ። ከዚያ በኋላ በጀርመን ከኋላ ተወጋን የሚለው ወሬ እንደ 1919 ሥር ሊሰድ አልቻለም። ከጀርመን ጋር የመጨረሻው ስምምነት የተፈረመው ግን በሴፕቴምበር 1990 ሞስኮ ላይ ነው።

ወደ ፓሪስ ተመልሼ በሉክሰምበርግ መናፈሻ በኩል ሳልፍ፣ ዛሬ የፈረንሳይ ሴኔት የሚሰበሰብበትን ቤተ መንግሥት ከውጭ አየሁት። በ1946 ከኢጣሊያ ጋር የሚደረገው የሰላም ውል የተመከረበት እርሱ ነው፤ ቬርሳይ ላይ ወንበር ያልነበራት ኢትዮጵያ እዚህ ተቀምጣ ተከራክራለች፤ ከሞጋቾቹም አንዱ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነበሩ። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1947 በተፈረመው ውል ኢጣሊያ የኢትዮጵያን ሉዓላዊነት አወቀች፤ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ካሳም ተጣለባት። አንቀጽ 37 ደግሞ ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ወዲህ የተወሰዱ የጥበብ ሥራዎች፣ ንዋየ ቅድሳትና መዛግብት በ18 ወር ውስጥ እንዲመለሱ ያዝዛል። የአክሱም ሐውልት የተመለሰው በ2005፣ ፀሐይ የተባለችው አውሮፕላን ደግሞ በ2024 ነው።