የጠቆረው ነው የታሸው

ፖስታ ቤት አካባቢ ካሉት የባህልና የአሮጌ ዕቃ ሱቆች በአንዱ ተቀጥሬ ስሠራ፣ ስለ ድሮ የብር ሳንቲም እኛ ዘንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበር፦ የሚያበራ ብር ታጥቧል፣ የጠቆረ ብር አልተነካም። ሕጉ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ለቱሪስት የሚያዞሩ ልጆች ጠገራውን በጥርስ ሳሙና ሲያሹት ስለሚውሉ፣ ጠረጴዛችን ላይ ከሚወድቀው የሚያብለጨልጭ ብር አብዛኛው በእርግጥም የተፈተገ ነበር። ችግሩ ሕጉ ዓይንን ማስነፉ ነው። ባልደረባዬ ከጊዜ በኋላ ሳንቲሙን መገልበጡን ሁሉ ተወው፤ ቀለሙን አይቶ ዋጋ ይናገራል።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ሽማግሌ በመሐረብ የቋጠሩትን ፈተው ሦስት ብር ደረደሩልን። ሁለቱ ማርትሬዛ ናቸው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለባቸው ጠገራ፤ አንዱ ትናንት የተመታ ይመስል ቦግ ያለ፣ ሌላው የተዥጎረጎረ። ሦስተኛው የምኒልክ ብር ነው፣ የ1889 ዓ.ም.፤ ከዘውዱ እስከ ጢሙ፣ ከጢሙ እስከ ጠርዙ አንድ ዓይነት ጥቁር ግራጫ። ባልደረባዬ ቦግ ያለውን በጣቱ ወደ ጎን ገፋና «አባባ፣ ይቺማ ታጥባለች» አላቸው። ምኒልኩን ግን ብድግ አድርጎ ለሱቁ ባለቤት እያሳየ «ጋሼ፣ ይሄ እጅ አልነካውም» አለ።

ጋሼ ዝም ብለው ወደ እኔ ገፉት። ትልቁን የጣራ መብራት አጥፍቼ የጠረጴዛዋን ብቻ አበራሁ። ይህ ነገር ቀላል ይመስላል እንጂ ግማሹ ሥራ እሱ ነው፤ ብርሃን ከየአቅጣጫው ሲመጣ ጭረት ይደበቃል፣ ከአንድ ጎን ብቻ ሲመጣ ግን አንዱም አያመልጥም። ሳንቲሙን በጠርዙ ይዤ ቀስ እያልኩ አዘነበልኩት። በሆነ ማዕዘን ላይ ከንጉሡ ጉንጭ ተነስተው ፊት ለፊት ያለውን ባዶ ሜዳ አቋርጠው እስከ ፊደሎቹ የሚደርሱ፣ ከፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች ብቅ አሉ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄዱት። ገበያ ላይ የኖረ ብር ጭረት ሞልቶታል፤ ከሌላ ብር ጋር ከረጢት ውስጥ ሲጋጭ፣ ድንጋይ ላይ ሲጣል የሚያገኘው ጭረት ግን አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ነው፣ ጥልቀቱም አይመሳሰልም። በሰልፍ የቆመ ጭረት የእጅ ሥራ ነው።

በአጉሊ መነጽር ስመለከት ጥቁረቱ ጭረቶቹ ውስጥ ገብቶ ነበር። ጥቁረቱን ቀዶ የገባ ጭረት ብሩህ ሆኖ ስለሚታይ አዲስ ነው፤ ውስጡ የጠቆረ ጭረት ግን ከጥቁረቱ ይቀድማል። ማለትም ይህ ብር መጀመሪያ ታሽቷል፣ ከዚያ በኋላ ነው መልሶ የጠቆረው። የጥቁረቱም አቀማመጥ ልክ አልነበረም። ብርን የሚያጠቁረው አየር ውስጥ ያለ የድኝ ውህድ ነው፤ እጅ በእጅ የዞረ ብር ደግሞ ጎርበጥ ያለው ቦታ፣ ዘውዱና ጉንጩ፣ እየተነካካ ይነጣል፣ ጥቁሩ በፊደሎቹ ሥርና በጢሙ ስርጉድ ውስጥ ይቀራል። ይህኛው ጉብታውም ጎድጓዳውም እኩል ነው የጠቆረው።

ሽማግሌውን «አባባ፣ ይህን ብር ቤት ውስጥ ያሸው ሰው ነበር?» አልኳቸው።

«እናቴ ናታ! እህቴን ስንድር በአመድና በሎሚ ፈትጋ ፈትጋ መስታወት አስመሰለችው። ከሠርጉ በኋላ በጨርቅ ቋጥራ ከምድጃው በላይ ማገር ላይ ሰካችው፤ እሷ እስክታርፍም ያወረደው የለ።»

ጥቁረቱ ከላይ የተለጠፈ የምድጃ ጭስ ብቻ መሆን አለመሆኑን ለማየት በንጹሕ አሴቶን አንድ ዳር ላይ ነካ አደረግኩት። አሴቶን ብሩን አይጎዳም፤ ቅባትንና ቅባት የያዘውን የጭስ እድፍ ያነሳል እንጂ የብሩን የራሱን ጥቁረት አይነካም። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ፣ ከሥሩ ያለው ግራጫ ግን ባለበት ቀረ።

ቀጥሎ ያ የተገፋው ማርትሬዛ። እሱን ሳዘነብለው ከመሐል ወደ ዳር የተዘረጉ ሁለት የብርሃን ክንፎች ሜዳው ላይ አብረው ዞሩ። ሳንቲም ሲመታ ብረቱ ከመሐል ወደ ጠርዝ ስለሚፈስ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ መስመሮች ይቀሩበታል፤ ያን የሚዞር ወዝ የሚሰጡት እነሱ ናቸው። አመድ ይፈጫቸዋል፤ የማጽጃ አሲድም ደጋግሞ ከነከሩት ይበላቸዋል፣ ብሩ ያበራል ግን ብርሃኑ አይዞርም። ይህኛው ላይ ሙሉ ነበር፤ በፊደሎቹ መካከል እንኳ ያው ወዝ። የታጠበ አልነበረም፣ ገበያ ላይ ያልኖረ ነው እንጂ። ማርትሬዛ ላይ 1780 የሚለው የፈረንጅ ዓመት ንግሥቲቱ የሞተችበት ነው፤ ቪየና ከዚያ በኋላም ያንኑ ዓመት ይዛ መምታቷን ቀጠለች፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም መትተውታል። ስለዚህ 1780 የሚል ብር ቢያበራ ምንም አይደንቅም። ፓሪስ የተመታ የምኒልክ 1889 ቢያበራ ግን ቆም ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የተዥጎረጎረው ማርትሬዛ ብዙ አላለፋንም። ከንግሥቲቱ አናት በላይ ጠርዙ ላይ ከተጻፈው ውስጥ ሁለት ፊደል በሞረድ ተበልቷል፣ አጠገቡ የብየዳ ጠብታ አለ፤ የአንገት ጌጥ ነበር፣ ቀለበቱ ተነቅሎለታል።

ባልደረባዬ ያልገባው የዋጋው ነገር ነበር። «ታዲያ ያልታጠበው ሊወደድ አይደል?» አለ። አይደለም። ማርትሬዛ በሽ ነው፤ ንጹሕ ሆኖም ከብርነቱ ክብደት ብዙ አይርቅም። ምኒልኩ ታሽቶም ፈላጊ አለው፤ የሚቀንሰው ያልታሸ ቢሆን ከሚያወጣው ነው። መታሸቱ አንድ ጥያቄ ነው፣ ብርቅነቱ ሌላ፤ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ የሚመልስ ነጋዴ አንዱን ይስታል።

ሽማግሌው ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ «እኔ እንደሆንኩ ሲያበራ ነው የሚያምረኝ» ብለው ሳቁ፤ ቦግ ያለውን ማርትሬዛ መልሰው ቋጠሩ፣ ለልጅ ልጃቸው ነው አሉ። ሁለቱን ሸጡልን። ጋሼ ምኒልኩን ወረቀት ውስጥ ከተው በእስክሪብቶ «የታሸ፣ መልሶ የጠቆረ» ብለው ጻፉበት። ባልደረባዬ «ጋሼ፣ ይሄን ጽፈን ማን ይገዛናል?» ቢል፣ «የሚያውቅ ገዢ መብራቱን ራሱ ያጠፋዋል» አሉትና ወረቀቱን መስታወቱ ውስጥ አስቀመጡት።